የሰርቨሩን አፕዴት ለየትኛው ቀን እንቅጠረው?

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ሕንፃ መሣሪያ ጅምላ መደብር ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አራት ኮምፒውተር አለን። አንዱ ሰርቨር ነው፤ ሽያጩ፣ ስቶኩ፣ የደንበኛ ዱቤው ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው። ባለፈው ሐምሌ መጀመሪያ ዓመታዊ ቆጠራውን እያስገባን ሳለ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ሰርቨሩ በራሱ ሪስታርት አደረገና አፕዴት መጫን ጀመረ። ቆርቆሮ ያስጫነ ደንበኛ ደረሰኝ ይጠብቃል፣ እኛ ስክሪኑ ላይ ፐርሰንት እንቆጥራለን። የገረመኝ ደግሞ በሥራ ሰዓት እንዳይነካን ብለን ከ2 እስከ 12 ሰዓት ሞልተንለት ነበር። ከዚያ ወዲህ የባለቤቱ የእህት ልጅ አፕዴቱን ጭራሽ ዘጋው። አሁን ደግሞ የሂሳብ ፕሮግራሙን የሸጡልን ሰዎች አዲስ ቨርዥን ወጥቷል፣ ጫኑ እያሉ ይደውላሉ። ባለቤቱ «የሚሠራ ነገር አይነካም» ይላሉ። እኔ መሐል ላይ ቆሜ ግራ ገብቶኛል። መቼ ነው ማድረግ ያለብን?

መልስ

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። «መቼ» ብለሽ መጠየቅሽ ደስ አሰኝቶኛል። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ «ላድርገው ወይስ ልተወው» ብሎ ነው። እዚሁ ከተማ የሱቅና የቢሮ ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ያየሁት ጉዳት ሁሉ ማለት ይቻላል ከአፕዴቱ ሳይሆን ከቀኑ የመጣ ነው። ቀኑን እናንተ ካልመረጣችሁ ማሽኑ ይመርጥላችኋል።

መጀመሪያ የገረመሽን ነገር ልፍታልሽ። ዊንዶውስ ላይ «አክቲቭ አወርስ» የሚባለው ቦታ የሥራ ሰዓታችሁን ትሞሉለታላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ በራሱ ሪስታርት አያደርግም። እናንተ ከ2 እስከ 12 ብላችሁ የሞላችሁት በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው። ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጆቹ ነው ያነበበው። ለእሱ ያ ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሱቁ የተዘጋ መስሎታል። ሰባት ሰዓት ላይ የነካችሁ ለዚህ ነው። ትክክለኛው አሞላል ከ8 ኤኤም እስከ 6 ፒኤም ነው። እስከ 18 ሰዓት ድረስ ስለሚፈቅድ ከ6 ኤኤም እስከ 10 ፒኤም ብትሉትም ያዝላችኋል። ዛሬውኑ አራቱም ላይ አስተካክሉት። በዞናችን ይህን ያላስተካከለ ሱቅ ብዙ ነው፣ ጎረቤቶቻችሁንም ጠይቁ።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው። ማይክሮሶፍት የደኅንነት አፕዴቶቹን የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሁ ነው። በእኛ ሰዓት ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይወጣል። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ኮምፒውተር ስትከፍቱ እየወረደ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ማክሰኞ በፈረንጆቹ ከ8 እስከ 14 ባለው ቀን ይውላል። የእኛ ወር ደግሞ በፈረንጆቹ ከ7 እስከ 12 ባለው ቀን ይብታል። ሁለቱን ስታጋጥሚያቸው፣ አፕዴቱ የሚመጣው ወራችን ሊያልቅ ሦስት ቀን ገደማ ሲቀረው ካለው ጊዜ ጀምሮ እስከ አዲሱ ወር 8 ባለው ውስጥ ነው። ይህ እንግዲህ አንቺ ወር የምትዘጊበት፣ ደመወዝ የምትሠሪበት፣ የቫት ሰነድ የምትሰበስቢበት ጊዜ ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ይብሳል። የሐምሌው ሁልጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ 7 ባለው ውስጥ ነው የሚወድቀው። የበጀት ዓመቱ በተዘጋ ማግስት፣ ቆጠራው ገና ሳይገባ። ያጋጠማችሁ ነገር የመጥፎ ዕድል ጉዳይ አይደለም፤ ዝም ካላችሁ በየዓመቱ በዚያው ሳምንት ይመጣል።

ታዲያ ዘግቶ መገላገሉስ? የእህታቸው ልጅ ያደረገው ለመልካም ነው፣ ይገባኛል። ግን አልስማማም። በመጋቢት 5 ቀን 2009 ማይክሮሶፍት አንድ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት ለቀቀ። በግንቦት 4 ቀን 2009 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ፤ ፋይል ለመፍታት ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕመምተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። መድኃኒቱ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በእጅ ላይ ነበር። ያ ቫይረስ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በኔትወርክ ነበር የሚዘለው። የእናንተም አራቱ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ የተያያዙ ናቸው፣ የደንበኛው ዱቤም ያለው እዚያው ነው። ዱቤው ከጠፋ ማን ስንት እንዳለበት በምን ታውቁታላችሁ?

በወጣበት ሰዓት መጫንም ልክ አይደለም። በሰኔ 29 ቀን 2013 ማይክሮሶፍት ከመደበኛው ቀን ውጪ አንድ የአስቸኳይ አፕዴት አወጣ። ጉዳዩ የፕሪንተር ደኅንነት ነበር። አፕዴቱ ራሱ ግን አንዳንድ በዩኤስቢ የሚገናኙ የደረሰኝና የሌብል ፕሪንተሮች እንዳይሠሩ አደረገ። ማስተካከያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው የመጣው። አስቢው፣ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ዋዜማ ነው።

በሐምሌ 12 ቀን 2016 የሆነውን ደግሞ ሰምተሽ ይሆናል። ዓርብ ጠዋት በእኛ አንድ ሰዓት ገደማ ክራውድስትራይክ የሚባል የደኅንነት ድርጅት የተበላሸ ፋይል ላከ። 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖች ተንበረከኩ፤ አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፣ ባንኮች ቆሙ። ድርጅቱ ፋይሉን ከ78 ደቂቃ በኋላ አርሞታል። የወደቁት ማሽኖች ግን አንድ በአንድ በሰው እጅ መነሣት ነበረባቸው፣ ያ ቀናት ፈጀ። ፋይሉ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ባይላክ ኖሮ ጉዳቱ ከጥቂት ማሽኖች አያልፍም ነበር። ስለዚህ እናንተም አራቱን ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን አትንኩ።

ለእናንተ ሱቅ የምመክረው እንዲህ ነው። አፕዴቱን መልሳችሁ ክፈቱት። ሽያጭ የማይሠራበትን አንዱን ኮምፒውተር ልቀቁት፣ አፕዴቱን በወጣበት ቀን ይውሰድ። ሰርቨሩንና የሽያጮቹን ግን «ፖዝ» በሚለው አቆዩአቸው፤ ዊንዶውስ እስከ አምስት ሳምንት ይፈቅዳል። አፕዴቱን በወሰደው ኮምፒውተር አንድ ሳምንት ሥሩበት። የሂሳብ ፕሮግራሙ ይከፍታል? ሰርቨሩን ያገኘዋል? ደረሰኝ ያትማል? እነዚህ ሦስቱ ደህና ከሆኑ ሰርቨሩን በወሩ ከ12 እስከ 17 ባለው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አድርጉት። በዚያ ጊዜ ያለፈው ወር ተዘግቷል፣ የሚቀጥለው ደመወዝ ገና ነው። ችግር ከመጣ ደግሞ ፕሮግራሙን የሸጧችሁ ሰዎች ቢሮ ገብተው ስልክ ያነሣሉ። ዓርብን ተዉት፣ ቅዳሜ ገበያ ነው። እሑድና የበዓል ዋዜማ ሱቁ ስለሚዘጋ ይመቻል የሚሉ አሉ። እኔ አልወደውም፤ ብቻሽን ትቀሪያለሽ።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ቀጠሮ ያስወጣችኋል። ሌቦች አሁኑኑ እየተጠቀሙበት ነው የተባለ ቀዳዳ ከሆነና ሰርቨሩ ኢንተርኔት ላይ ካለ፣ አጋማሹን አትጠብቁ። ባካፕ (የዳታውን መጠባበቂያ ቅጂ) ወስዳችሁ በዚያው ሳምንት ጫኑት።

መብራቱን አትርሺ። አፕዴት መሐል መብራት ከጠፋ ሰርቨሩ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው) አለን እንደምትይኝ አውቃለሁ። ባትሪው አርጅቶ ሁለት ደቂቃ ጮሆ የሚጠፋ ዩፒኤስ ግን በየሱቁ ሞልቷል። ከቀኑ በፊት ሶኬቱን ንቀሉና ስንት ደቂቃ እንደሚቆም ተመልከቱ።

ወደ ሂሳብ ፕሮግራሙ ልምጣ። እዚህ ላይ ከባለቤቱ ጋር በከፊል እስማማለሁ። የደኅንነት አፕዴት በሳምንታት ይቆጠራል፣ የፕሮግራም ቨርዥን ግን ወቅት መጠበቅ ይችላል። ምክንያቱም እንደ ፒችትሪ ያሉ የሂሳብ ፕሮግራሞች የድርጅቱን ዳታ በአዲሱ ቨርዥን አንዴ ከከፈቱት ይቀይሩታል። ከዚያ በኋላ በድሮው ቨርዥን አይከፈትም። መመለሻው ባካፕ ብቻ ነው። ደግሞም ሰርቨሩና ሌሎቹ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ቨርዥን ላይ መሆን አለባቸው። የዊንዶውሱን አንድ በአንድ አድርጉ ብዬሻለሁ፣ ይህኛው ግን ተቃራኒው ነው። ሁሉም ሰው ይወጣል፣ በአንድ ቀን ሰርቨሩም ሌሎቹም ይሠራሉ።

ሻጮቹ ሲደውሉ ይህን ጠይቂያቸው። ምን ተለወጠ? ሕግ ያስገደደው ነገር አለበት? የእኛ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል? ከተበላሸ ማን ይመጣል፣ በስንት ሰዓት? ሕግ ካስገደደው ቀኑን ሕጉ ይወስነዋል። ለምሳሌ በ2017 የገቢ ግብር ሕጉ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው ወርሃዊ ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲያድግ፣ ደመወዝ የሚሠራ ሁሉ ወዲያው ማስተካከል ነበረበት። እንዲህ ያለው ግን ብዙ ጊዜ አዲስ ቨርዥን አይፈልግም። የግብር ሠንጠረዡን ፕሮግራሙ ውስጥ መቀየር ይበቃል። «ሕግ ተቀይሯልና ግዙ» ሲሉሽ ይህን አረጋግጪ።

ሕግ ካላስገደደው፣ እኔ ለእናንተ ኅዳርን እመርጣለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ገበያው ቀዝቃዛ ቢሆንም ሂሳቡ ክፍት ነው፤ ኦዲተሩ በያዘው ዳታ ላይ ቨርዥን አይቀየርም። የዓመቱ ግብር ገብቶ ካለቀ በኋላ ይሁን። ኅዳር ላይ የገጠሩ ሰው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ቆርቆሮና ምስማር ፍለጋ የሚወርደው እህሉን ሸጦ ከታኅሣሥና ከጥር ወዲህ ነው። ይህን ባለቤቱ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በዚህ በኩል ብታነሺላቸው የሚሰሙሽ ይመስለኛል።

ከዚያች ቀን በፊት ባካፑን ውሰጂና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ እዪው። ያልተከፈተ ባካፕ ባካፕ አይባልም። ትራያል ባላንሱን (የሂሳቦቹን ሁሉ ቀሪ የሚያሳየውን ዝርዝር)፣ የስቶክ ዝርዝሩንና የዱቤ ዝርዝሩን በወረቀት አትሚ። ከአፕዴቱ በኋላ መልሰሽ አትሚና ጎን ለጎን አስተያዪ። አንዲት ሳንቲም ከተለየች ሽያጭ አትክፈቱ፣ ባካፑን መልሱና ሻጮቹን ጥሩ። ባካፑ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ንቀዪና ቆልፊበት፤ ሰርቨሩ ላይ እንደተሰካ አይደር።

ለባለቤቱ አንድ ወረቀት አዘጋጂላቸው። የዓመቱን አሥራ ሁለት ቀናት ጻፊበት፣ ከሐምሌ በስተቀር ሁሉም በወሩ አጋማሽ ናቸው። ሐምሌን ወደ 20ዎቹ ግፊው። እሳቸው ይፈርሙበት፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። «አይነካም» የሚሉት ሳይነገራቸው ስለሚነካባቸው ነው፤ ቀኑን ራሳቸው ከወሰኑት ሐሳባቸው የሚለወጥ ይመስለኛል።

አጭር ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና

የመድኃኒት ቤታችን ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ነው። ጊዜው አልፏል ይሉናል። አፕዴት መጠበቅ እንተው?

መልስ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ቆሟል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ አዲስ የደኅንነት አፕዴት ግን በነፃ እንደ ድሮው አይመጣለትም። ለድርጅቶች በክፍያ እስከ ሦስት ዓመት የሚራዘም አለ። ወደ ዊንዶውስ 11 ለማለፍ ማሽኑ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ሊኖረው ይገባል፣ የድሮ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የለውም። መጀመሪያ ግን የመድኃኒት ስቶክ ፕሮግራማችሁን የሠራውን ሰው 11 ላይ እንደሚሄድ ጠይቁት። መልሱ እስኪመጣ በዚያ ኮምፒውተር ኢሜይልም ፌስቡክም አይከፈት፣ የሰው ፍላሽም አይሰካበት።