2100 ዲግሪ የወጣብህ ወንድሜ፣ ሜሹን ተወው

ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ጉድ ያየሁ መሰለኝ። ሁለት የብረት ዘንጎች በሰበቃ ሲበየዱ የሚያሳይ ሲሙሌሽን አባከስ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ሠርተህ፣ መጋጠሚያው ከብረት መቅለጫ በላይ 2100 ዲግሪ ገባብኝ፣ ሜሹን (ሞዴሉ የተከፋፈለባቸውን ትንንሽ ክፍሎች፣ ኤለመንቶቹን) ላድቅቀው ወይ ብለሃል። አታድቅቀው! እኔ አድቅቄው ሦስት ሳምንት በላብኝ፣ ሙቀቱ ጭራሽ ጨመረ።

1. አሃዶችህን እይ። በሚሊሜትርና በቶን ከሆነ የምትሠራው፣ የብረት እፍጋት 7.85×10⁻⁹ ነው። ፍጥነቱን በራዲያን በሰከንድ አስገባ፤ 1500 ዙር በደቂቃ ማለት 157 ነው። ይህን ታውቀዋለህ ብዬ አልፈዋለሁ።

2. አክሲሲሜትሪክ ኤለመንት (ክብ ዘንግን በግማሽ ቁርጡ ብቻ የሚወክል) ከተጠቀምክ መጠምዘዝ የሚቀበለውን ምረጥ፣ ተራው አይዞርልህም። ሙሉውን በስሪዲ ልሥራው ካልክ ለኮምፒውተርህ እዘንለት።

3. ሰበቃው። የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ስለሆነ ቁጥሩን ትቼ ታሪኩን ልንገርህ።

የሰበቃ ኮፊሸንቱን (የሰበቃው ኃይል ለግፊቱ ኃይል ያለውን ድርሻ) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 0.3 አድርጌ ሰጠሁት። አንተም እንደዚያ እንዳደረግህ እወራረዳለሁ። ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ ችግር የለውም። ግን አስበው፣ ግፊቱ 100 ሜጋፓስካል ከሆነ 0.3 ማለት 30 ሜጋፓስካል የሸር ጭንቀት (ፊቱን ወደ ጎን የሚያንሸራትት) ነው። ሊቀልጥ የተቃረበ ብረት ይህን ከየት ያመጣል? በእውነተኛው ማሽን ብረቱ ሲለሰልስ የሚፈጠረው ሙቀትም አብሮ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ራሱን ከመቅለጫው በታች ይይዛል። የእኔ ሞዴል ግን ፍሬን የለውም፣ ዝም ብሎ ይግላል። አማካሪዬ ፋይሉን አንድ ቀን እንኳ ሳይከፍት «ሜሽ ነው፣ ሜሽ ነው» ይለኛል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። በየሙቀቱ ያለውን የይልድ ጥንካሬ (ብረቱ ላይመለስ መለወጥ የሚጀምርበትን ጭንቀት) ለ1.73 አካፍል፣ የወጣውን ደግሞ ለግፊቱ አካፍል። ከ0.3 ካነሰ በዚያ ሙቀት ኮፊሸንትህ እሱ ነው። ይህን አደረግሁና ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ 1700 አሳየኝ። ላብድ ነበር።

ለካ የጥንካሬ ሰንጠረዤ 800 ዲግሪ ላይ ያበቃል! ሶፍትዌሩ ከዚያ በላይ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ዝም ብሎ ይቀጥላል፣ ስህተት አለ ብሎ አይጮህም። የእኔ ብረት 1400 ዲግሪ ላይ ሆኖም የ800 ዲግሪ ጉልበት ነበረው። ሰንጠረዡን እስከ መቅለጫው ድረስ ሞላሁት፣ መጨረሻው ላይ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ቁጥር ሰጠሁት፣ በቃ፣ ሙቀቱ 1250 አካባቢ ተረጋጋ።

ከዚያ በእውነተኛ ናሙና ላረጋግጥ ወርክሾፕ ሄድኩ። ኃላፊው ደብዳቤ አምጣ አለ፣ አመጣሁ። ማኅተም የለውም አለ፣ አስመታሁ። ሦስተኛ ቀን ስሄድ «ኮምፒውተር ላይ ሠርተኸው የለ እንዴ፣ እዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ከነደብዳቤው መለሰኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያዳነኝ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት አዛውንት ናቸው፤ በምሳ ሰዓት ጠርተው አንድ ናሙና መሃል ለመሃል ሰንጥቀው ሰጡኝ። ከመጋጠሚያው ተገፍቶ የወጣው ብረት በሁለቱም በኩል እንደ ኮሌታ ወደ ኋላ ተጠቅልሏል፣ ጫፉ ሰማያዊ ሆኗል፣ የቀለጠ ጠብታ ግን አንድም የለበትም። «ቀልጦ ቢሆን ኖሮ ይረጨን ነበር» አሉኝ እየሳቁ።

ካሊፐር አውጥቼ ለካሁት። ዘንጎቹ በድምሩ 5.8 ሚሊሜትር አጥረዋል፣ የእኔ ሞዴል 6.1 ነው ያለው። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው የወጣሁት፣ ኃላፊው በር ላይ ቢያየኝም ሰላም አላልኩትም። አንተም የሙቀቱን ቀለም ብቻ እያየህ አትርካ፣ ያጠረውን ርዝመት ከእውነተኛ ናሙና ጋር አስተያይ።

ሜሽ የምትነካው ኮሌታው ሲጠቀለል ኤለመንቶቹ ተጨማደው ሥራው ሲቋረጥብህ ነው፤ እሱም ቢሆን ሪሜሽ ማድረግ (ሜሹን በአዲሱ ቅርጽ ላይ እንደገና መሥራት) እንጂ ማድቀቅ አይደለም። አሁን የሰንጠረዥህን የመጨረሻ መስመር እዚሁ ለጥፈው፣ ማታ አየዋለሁ።