ዒላማ ልትተኩሱ ለምታስቡ ልጆች

ልጆቼ፣ እዚህ አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ “ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብለን ዒላማ እንተኩስ” የምትባባሉት ጆሮዬ ገባ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ተኩስ በማሠልጠን ነውና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ወረቀቱ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አንብቡት። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ይዞ የመጣ ካለ ጉዞው እዚያው ይሰረዝ። ባለፈቃድም ብትሆኑ የአካባቢው ፖሊስ ሳያውቅና ሳይፈቅድ እንዳትሄዱ። ገጠር ተኩስ ከተሰማ አገር ነው የሚወጣው።

አንድ አዛዥ ምረጡ። እሱ አይተኩስም፤ ሥራው እናንተን ማየት ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ባለመኪናው ነው። እኔ ብሆን ጓደኛውን “አስቀምጥ!” ለማለት የማያፍረውን እመርጣለሁ። “ተኩስ አቁም!” ማለት ግን የሁሉም ነው። ከብት የሚነዳ ልጅ ብቅ ካለ መጀመሪያ ያየው ይጩህ።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ፤ “ባዶ ነው” ወደምትባለው። ክላሽ ሲራገፍ መጀመሪያ ጥይት የሚሞላበት ካዝናው ይነቀላል። ማቀባበያው የሚሳበው ከዚያ በኋላ ነው። ካዝናው እንዳለ ስባችሁ ከለቀቃችሁት አንዷ ጥይት ስትወጣ ሌላዋ ትጎርሳለች። ከዚያ ካዝናውን ነቅሎ “ባዶ ነው” የሚል ሰው የጎረሰ መሣሪያ ይዟል። ስለዚህ ጥይቷ የምትጎርስበትን ቦታ በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳስሱ። የሚቀበላችሁም ራሱ ይይ። “አላመንከኝም እንዴ?” ብሎ የሚያኮርፍ ካለ ያኩርፍ። ባዶም ሆኖ አፈሙዙ ሰው ላይ አይዞርም፤ እስክትተኩሱም ጣት ምላጭ ላይ አያርፍም።

ከዒላማው ጀርባ ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ይኑር። ድንጋይም ውሃም ጥይት ያነጥራሉ። የሚያቆመው ያጣ የክላሽ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከአራት ኪሎ ቢነሳ ፒያሳን አልፎ ነው የሚወድቀው።

ዒላማውን ለማየት ስትሄዱ መሣሪያው ሁሉ ተራግፎ መሬት ይቀመጥ፤ ወደ ኋላ የቀረም አይንካው። ለጆሮ ጥጥ አይበቃም፣ ደህና መከላከያ ግዙ። ቢራውና አረቄው ከተማ ይጠብቃችሁ።

አንድ መኪና ፊቷን ወደ መንገድ አዙራ ትቁም። ደም ማቆሚያ ማሰሪያና ፋሻ እሷ ውስጥ ይሁን፤ አጠቃቀሙን ከመሄዳችሁ በፊት ተማሩ። 907 ደውሎ አምቡላንስ መጠበቅ ለከተማ ነው። እዚያ ኔትወርክም ላይኖር ይችላል፤ ሹፌሩ ቅርብ ያለውን ሆስፒታል ከነመንገዱ አስቀድሞ ይወቅ።