መልስ፦ ቡስተር ከመግዛትህ በፊት አንቴናውን ከቲቪው ኋላ አውጣው

ወንድሜ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነኝ፣ በቤት ውስጥ አንቴና ምስሉ ማታ ማታ ይቆራረጥብኛል፣ ቡስተር ልግዛ ወይ ብለሃል። አትግዛ። ለጊዜው ማለቴ ነው። ቡስተር ደካማውን ሲግናል ከነረብሻው ነው የሚያጎላው።

መጀመሪያ ቦታውን ቀይር። ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ ሲግናል ያዳክማል፣ ቆርቆሮ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ እኔ ድሮ ቆርቆሮ ቤት ተከራይቼ አንቴናውን ኮርኒስ ውስጥ ደብቄው ሁለት ሳምንት ሙሉ ቲቪው ተበላሽቷል ብዬ ስማረር ከርሜያለሁ። እና መስኮት ጋ አድርገው፣ ያውም በምዕራብ በኩል ባለው፤ ማሰራጫው ያለበት ፉሪ ተራራ ካንተ ሰፈር በዚያ ነው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ካለው ትንሽ ራቅ ይበል።

አንቴናህ ባለ ሁለት ዘንግ ከሆነ እስከ ጫፉ መምዘዝ ሁሌ አይጠቅምም። ከ174 እስከ 230 ሜጋኸርዝ ላሉ የቪኤችኤፍ ጣቢያዎች እያንዳንዱ ዘንግ ከ33 እስከ 43 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ለዩኤችኤፍ፣ ማለትም ከዚያ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ለሚሰራጩት፣ ወደ 15 ሳንቲ አሳጥረው። ግራና ቀኝ አጋድመህ ዘርጋቸው። ጫፋቸው ሳይሆን ጎናቸው ወደ ፉሪ ይዙር፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ማታ ይብሳል ያልከው ግን አምፖል ይመስለኛል። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖልና ቻርጀር ረብሻ ይለቃሉ፣ አንድ በአንድ እያጠፋህ እየው። ቦታ በቀየርክ ቁጥር ቲቪው ላይ ጣቢያዎቹን እንደገና ሰርች አድርግ። እምቢ ካለህ በረንዳ ላይ አውጣው፣ ገመዱን ግን ያለ ቅጥ አታስረዝመው።