በጎቹን ከመግዛትህ በፊት ወረቀቱን አስተካክል

ወንድሜ፣ «የ11ኛ ክፍል ግብርና ተማሪዎቼ በግ አደልበው፣ አርደው ብልቱን እንዲያዩ እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?» ብለሃል። ስለ በረትና ክትባት የሚነግርህ አታጣም። እኔ የከፈልኩበትን ልንገርህ።

1. በህዳር አጋማሽ ግዛ። የነቢያት ጾም ሲገባ የበግ ገበያ ቀዝቀዝ ይላል፤ የገብስ ገለባም ገና አላለቀም። ሦስት ወር ቀልበህ ለቅበላ ታደርሳቸዋለህ። ቅበላ ካመለጠህ 55 ቀን ሁዳዴ ነው፤ ማን ይበላልሃል? እኛ መንዝ ላይ ስድስት የአገሩን በግ ገዛን። ትንንሽ ናቸው፣ ጸጉራቸው ግን ብርዱን ይችላል። ፉርሽካና ፋጉሎ፣ ከየቤቱ የተለመነ አተላ ጭምር አበላናቸው። አንድም አልሞተብንም። በዚህ ብኮራ አይፈረድብኝም።

2. ወረቀት። የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ንብረት ክፍሉ በጎቹን እንደ ወንበርና ጠረጴዛ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) መዝግቦ ገቢ አደረጋቸው። እኔም ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ከሁዳዴ በፊት ባለው ሐሙስ አረድን። ሁለቱን የሙስሊም ተማሪዎቻችን አባት መጥተው ባረኩልን፣ አራቱን የክርስቲያኖቹ ወላጆች። ቢላዋውም ድስቱም ለየብቻ ስለነበር ማንም ቅር አላለውም። አንዷ ልጅ ጉበት ስትሰነጥቅ ከሐሞት ቱቦው ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ብቅ አለ። ክፍሉ ጸጥ! በጉ ሳንገዛው በፊት ረግረግ ሲግጥ የኖረ ነው። በረግረግ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ በግ ስለሚገባው የጉበት ትል ስለፈልፍ የከረምኩት ያኔ ገባቸው። ጉበቱን ውሻ እንዳያገኘው በጥልቅ ቀበርነው።

ሰኔ ላይ ኦዲተር መጣ። «ስድስት በግ የት አለ?» ታርዷል አልኩ። «በሞዴል 22 ወጪ ሆኗል?» አልሆነም። አስረዳለሁ ብዬ አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሰውዬው ከስልኩ ቀና ሳይል «ንብረት አይበላም» አለኝ። የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ካላመጣሁ አልሰማም አለ። በጨው የታሹትን ስድስት ቆዳዎች ተሸክሜ ሄድኩ። «እነዚህስ ሞዴል 19 አላቸው?» አይለኝም መሰለህ! በመጨረሻ የስድስቱ በግ ዋጋ ከደሞዜ በአምስት ወር ተቆረጠ። የበላሁት አንድ ጎድን ነው።

ስለዚህ ገና ብር ሳይወጣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን ሰብስብ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ለተግባር ትምህርት የሚታረድ አላቂ ዕቃ» ተብሎ ይጻፍ። «ቋሚ ንብረት» የሚል ቃል ካየህ እስኪሪብቶህን አስቀምጥ። ስንት እንደሚታረድ፣ ሥጋውን ማን እንደሚበላ፣ ቆዳው የት እንደሚሄድ ሁሉ ይግባበት። ርእሰ መምህሩ «በቃል ይበቃል» ቢልህ አትስማው፤ የእኔም እንደዚያው ብሎኝ ነበር።

3. የትል መድኃኒት ከሰጠህ ከእርድ በፊት ጠብቁ ተብሎ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ሳያልፍ አትረድ። ስምም አታውጡላቸው። እኛ አንዱን ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ጉሬዛ አልነው፤ የእርዱ ዕለት ሁለት ልጆች ተንሰቅስቀው አለቀሱ፣ የእሱን ሥጋ የቀመሰ ልጅ የለም።

ገዝተህ ከሆነ ነገ ጠዋት ንብረት ክፍል ሂድና ደረሰኙን እይ። የእኔ ቆዳዎች እስከ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ የሚረከብ ጠፍቷል።