የቆመ የሚመስለው ቶርኖ

ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ቤት ያላቸው አንባቢ፣ አዲስ መብራት ካስገቡ ወዲህ በደቂቃ 2000 ጊዜ የሚዞረው የማሽናቸው ቻክ (የሚቀረጸውን ብረት ጨብጦ የሚያዞረው ክፍል) የቆመ እንደሚመስል፣ አንድ ሠራተኛም እጁን ወደዚያ ሰዶ ለጥቂት መትረፉን ገልጸው፣ ችግሩ የዓይን ነው ወይስ የማሽን ሲሉ ጠይቀዋል።

ችግሩ የመብራቱ ነው። ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስና በእያንዳንዱ ምልልስ ኃይሉ ሁለት ጊዜ ከፍ ስለሚል፣ ከባድ የብረት ባላስት (ወደ አምፖሉ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ዕቃ) ያለው ሸምበቆ (ፍሎረሰንት) አምፖልም ሆነ ብዙው ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ 100 ጊዜ ይደበዝዛል። አእምሮ ይህን ያህል የፈጠነ ብልጭታ መለየት ስለማይችል ያልተቋረጠ ብርሃን አድርጎ ይቀበለዋል፤ እንቅስቃሴን የሚያውቀው ግን ነገሩ ቀድሞ የነበረበትን ቦታ አሁን ካለበት ጋር በማገናዘብ ነው። በደቂቃ 2000 ጊዜ የሚዞር ባለ ሦስት መንጋጋ (ብረቱን የሚጨብጡ ጥርሶች) ቻክ በሰከንድ 100 መንጋጋ ያሳልፋል። ስለዚህ መብራቱ በደመቀ ቁጥር አንዱ መንጋጋ የሌላውን ቦታ ይዞ ይገኛል፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ አእምሮ አልተንቀሳቀሰም ብሎ ይፈርዳል። ፍጥነቱ ወደ 1950 ቢወርድ ደግሞ ቻኩ በዝግታ ወደ ኋላ ሲዞር ይታያል።

ልምድ ያለውም ሠራተኛ ከዚህ አያመልጥም። እንዲያውም ትኩረቱን በመቁረጫው ጫፍ ላይ ባሳረፈ መጠን በዳር ያለውን የማስተዋል አቅሙ ስለሚቀንስ ይበልጥ እሰጋለታለሁ። ዓይናችንን በድንገት ወደ ግድግዳ ሰዓት ስንመልስ የሰከንድ ቆጣሪዋ ለአፍታ የቆመች እንደምትመስለን ሁሉ፣ አእምሮ ጊዜን እንዳለ ሳይሆን ራሱ አሰናድቶ ያቀርብልናል፤ ስለዚህ ሠራተኛዎን በቸልተኝነት አይውቀሱት።

መብራቱን ለመፈተሽ የስልክዎን ካሜራ ያነጣጥሩበት፤ ጥቁር መስመሮች ሲንሸራተቱ ካዩ ብልጭታ አለው ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ በሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ባላስት መተካት ወይም ብልጭታ የሌለው ጥሩ ኤልኢዲ መግዛት ነው። ይህ እስኪሟላ ድረስ ሽቦው ግሎ ስለሚቆይ ብርሃኑ እምብዛም የማይዋዥቀውን የሃሎጅን አምፖል ከማሽኑ አጠገብ ይትከሉ። ቤትዎ ሦስት ፌዝ (ኃይላቸው በየተራ ከፍና ዝቅ የሚል ሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች) ካለው፣ አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው እንዲደምቅ ጎን ለጎን ያሉትን አምፖሎች በሦስቱም ፌዝ ላይ ማከፋፈል ይረዳል፤ ነገር ግን በሁለት ፌዝ መካከል ያለው ቮልቴጅ 380 ገደማ ስለሆነ ሦስቱንም በአንድነት የሚያቋርጥ ማብሪያ ያስፈልጋል፣ ሥራውም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። እስከዚያው የቻኩ መከለያ ሳይገጠም ማሽኑ አይነሳ፤ መለኪያም ሆነ ቁልፍ ለማስገባት ማሽኑ ከዋናው ማብሪያ ሳይጠፋ ማንም እጁን አያስገባ።