ነዳጅ የሚበሉ ረቂቅ ነፍሳት፦ ጥያቄና መልስ

መምህር፦ ደህና ዋላችሁ። የኔ ሙያ ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ስለነሱ እስኪመሽ ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ የፈሰሰ ነዳጅ አጠገብ እሳት የለም፣ ሳሙናም የለም። ዓመት ስጠራ በፈረንጆቹ ነው።

የጣና ልጅ፦ መምህር፣ ባሕር ለሌለን ሰዎች ይህ ምን ይረባናል?

መምህር፦ ዓባይ በረሃ ላይ ቦቴ ሲገለበጥ ሰምተህ አታውቅም? ቀጥሉ።

ዳሞቴዋ፦ ባክቴሪያ ነዳጅ ይበላል የሚባለው እውነት ነው ወይስ የዜና ማሟሟቂያ?

መምህር፦ እውነት ነው፣ ደግሞም ጥንታዊ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ከባሕር ወለል ስንጥቅ በራሱ ሲፈልቅ ስለኖረ እሱን መብላት የለመዱ ነፍሳት በየባሕሩ አሉ። በ1998 ስም የወጣለት አልካኒቮራክስ ቦርኩሜንሲስ ከነዳጅ ሌላ እምብዛም አይበላም። ውሃው ንጹሕ ሲሆን ቁጥሩ ኢምንት ነው፤ ነዳጅ ሲመጣ ይርመሰመሳል። ችግሩ ወዲህ ነው። ነዳጅ በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ስለሆነ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከሌላ ቦታ መምጣት አለባቸው። ገለባ ማሳ ውስጥ ቀብረህ ስትዘራ ቡቃያው ቢጫ የሚሆነው ለዚሁ ነው፤ ገለባውን የሚያበሰብሱት ነፍሳት ናይትሮጅኑን ይሻሙታል።

በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ 11 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ድፍድፍ ስታፈስ ዳርቻው ላይ የተረጨው ማዳበሪያ ነበር፤ ማዳበሪያ የደረሰው ድንጋይ ካልደረሰው ፈጥኖ ጠራ። በሙቅ ውሃ ግፊት የታጠበው ዳርቻ ላይ ግን ከነዳጁ የተረፈውን ፍጥረት ውሃው ጨረሰው። ጠጠር ሥር ገብቶ አየር ያጣው ነዳጅ ከ20 ዓመት በኋላም ሲቆፈር ይገኝ ነበር። ኦክስጅን በሌለበት እነዚህ ነፍሳት እጅግ ይንቀራፈፋሉ።

ቡሬ 07፦ እንግዲያ ጣና ላይ የጀልባ ናፍጣ ሲፈስ ዩሪያ እንበትን?

መምህር፦ በፍጹም! የአላስካ ዳርቻ ናይትሮጅን የራበው ነበር። ጣና ግን ከየማሳው ታጥቦ በሚገባው ማዳበሪያ ጠግቧል። ዩሪያ ብትበትን የምትቀልበው እምቦጭን ነው።

የጣና ልጅ፦ እምቦጭን ካነሱ አይቀር፣ አድርቀን ነዳጅ መምጠጫ ብናደርገውስ?

ጭስ ዓባይ፦ ወንድሜ፣ በጭነት መኪና እያዞራችሁ የሌለበት ወንዝ ልታዳርሱት ነው?

የጣና ልጅ፦ የደረቀ አልኩ እኮ!

ጭስ ዓባይ፦ ዘሩ ደርቆም ዓመታት ይቆያል።

ዳሞቴዋ፦ ኧረ በናታችሁ! እምቦጭ ከተነሳ ማን ያቆማችኋል።

መምህር፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የደረቀ እምቦጭ ዘይት ይመጥጣል፤ ግን ከሐይቁ ዳር አይራቅ። በቃ።

ባለጋራዥ፦ የተቃጠለ ዘይት ሲፈስብኝ ሰጋቱራ እበትናለሁ። ጥጥ ይሻል ይሆን?

መምህር፦ ለወለል ሰጋቱራ ይበቃል። ውሃ ላይ ግን ውሃውንም ጠጥቶ ይሰምጣል። ጥሬ ጥጥ ተፈጥሯዊ ሰም ስላለው ውሃ ይገፋል፣ ዘይት ይስባል። ከፋርማሲ የሚገዛው ጥጥ ሰሙ ታጥቦ ስለወጣ ውሃውን ነው የሚጠጣው። ሳፋ ውሃ ላይ የተቃጠለ ዘይት ጠብ አድርግና ሁለቱንም ጣልበት፦ ጥሬው ጠቁሮ ይንሳፈፋል፣ የፋርማሲው ርሶ ይወርዳል። በ2020 ዋካሺዮ የተባለችው መርከብ ሞሪሸስ ላይ ስትሰበር ሕዝቡ የሸንኮራ አገዳ ቅጠል በጨርቅ ከረጢት እየሰፋ ነዳጁን አጥሯል። የሰው ፀጉርም ሰጥቷል። መጣጩ ግን ነዳጁን ይይዘዋል እንጂ አያጠፋውም። የጠገበውን ሰጋቱራ ቦይ ውስጥ ከጣልከው ምን ሠራህ?

ቡሬ 07፦ በፈሳሽ ሳሙና ቢታጠብስ?

መምህር፦ መግቢያዬን አንብብ። ሳሙና ነዳጁን አድቅቆ ወደ ዓሣው ይሰደዋል እንጂ አያስወግደውም። በ1967 ቶሪ ካንየን የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ እንግሊዝ ዳርቻ ላይ ስትሰበር የተረጨው ማጽጃ ከነዳጁ ይልቅ የዳርቻውን ፍጥረት ፈጀ።

አገው ምድር፦ ነዳጅ እንዴት ነው የሚጸዳው?

መምህር፦ የቱ ነዳጅ? የት? ቤንዚን አብዛኛው ይተናል፤ አንተ ክብሪት ይዘህ አትቅረብ። ጥቁር ነዳጅ እንደ ሬንጅ ይቀራል። እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የለውም።

ጭስ ዓባይ፦ በከረጢት የታሸገ ባክቴሪያ ይሸጣል ይባላል። ልግዛ?

መምህር፦ ገንዘብህን ያዝ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980 ቻክራባርቲ የተባለ ተመራማሪ ላበጀው ነዳጅ በል ባክቴሪያ የፈጠራ መብት እንዲሰጥ ፈርዷል፤ ባክቴሪያው ግን የባሕር ነዳጅ ለማጽዳት አልዋለም። በየቦታው ያለው ነፍስ ይበልጠዋል።

የቦቴ ሹፌር፦ ደጀን አካባቢ ማሳ ዳር ናፍጣ ፈሶብኛል። ገበሬው ካሣ ይጠይቀኛል?

መምህር፦ እሱን ጠበቃ ጠይቅ። አፈሩን ከሆነ ልንገርህ፦ መጀመሪያ ዙሪያውን በአፈር ክተረው፣ ዝናብ ወደ ወንዝ እንዳይወስደው። የረጋውን አንሳ። ከዚያ የበሰለ ፍግ ቀላቅላችሁ በየጊዜው አገላብጡት፣ አየር እንዲገባው። ርጥበቱ በእጅ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ ይሁን። ሥራው የወራት ነው።

የቦቴ ሹፌር፦ ሽታው ሲጠፋ ጤፍ ይዘራበት?

መምህር፦ አይዘራበትም። መጀመሪያ የሚተነውና የሚበላው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ ሳይሸት ይቀመጣል። አፈሩ ላቦራቶሪ ይታይ። በሳሙናም እንዳታጥቡት።