ባዶውን ሴል አትንኩት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ደውላ «ጋሼ፣ በኤክሴል ሠንጠረዤ ውስጥ ያልተለኩትን ሴሎች በዜሮ ልሙላቸው?» አለችኝ። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። ማታም እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ ይህን ጻፍኩ።

1999 ዓ.ም. ነው። ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለ ማሳ የጤፍ ዝርያዎችን እናወዳድር ነበር። እያንዳንዱ ዝርያ ሦስት መደብ ላይ ይዘራል፤ የመደቡ ቁጥር ችካል ላይ በእርሳስ ይጻፋል፤ እስክሪብቶ የሰበታን ክረምት አይችልም። መዝገቡን የሚይዙት አንድ አዛውንት የመስክ ረዳት ነበሩ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ኤክሴል በመቻሌ ልቤ አብጧል።

ኅዳር ላይ አጨዳው አልቆ መዝገቡን በፌስታል ጠቅልለው አመጡልኝ። ገጾቹ ላይ ጭቃ ደርቋል። መደብ 14 ላይ ቁጥር የለም፤ ሰረዝ ብቻ። ከጎኑ የተሞነጫጨረ ነገር ነበር፣ ላነበው አልደከምኩም። ሠንጠረዡ ክፍተት እንዳይኖረው ዜሮ ጻፍኩ። ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «እሱ እኮ ዜሮ አይደለም» አሉ።

«ግዴለም አባባ፣ ኮምፒውተሩ ያስተካክለዋል።»

ዝም አሉ።

ኮምፒውተሩ ምን ያስተካክላል? የአማካይ ፎርሙላው ባዶ ሴል ይዘላል፣ ዜሮን ግን ይቆጥራል። የዚያ ዝርያ ሌሎቹ ሁለት መደቦች በሄክታር 21 እና 23 ኩንታል ሰጥተዋል። አማካዩ 22 መሆን ሲገባው 14.7 ሆነ፤ ዝርያው ከመጨረሻዎቹ ተርታ ገባ፣ በዓመቱም ሳይዘራ ቀረ።

ዜሮ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። ጤፉ ተዘርቶ ጭራሽ ካልበቀለ፣ ዜሮው እውነት ነው። ያልተለካ ግን ያልተለካ ነው፤ ባዶውን ትታችሁ፣ ጎኑ ማስታወሻ የሚል ኮለም ከፍታችሁ ምክንያቱን ጻፉ።

ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ያኔ አረም የታረመበትን ጳጉሜን 5 ቀን 1998ን 5/13/1998 ብዬ ባስገባ፣ ወርን ከቀን በሚያስቀድመው በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለው ኮምፒውተር ሜይ 13 ብሎ ተቀበለኝ። ሐምሌ 30ን 30/11/1998 ብዬ ስጽፍ ደግሞ እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ ተጠግቶ ቁጭ አለ። በእኛ ብቻ አይደለም፤ የሰው ጂን (ዘረ መል) ስም የሚያወጣው ኮሚቴ እንኳ በ2020 እ.ኤ.አ. ኤክሴል ወደ ቀን እየለወጠ ያስቸገራቸውን ስሞች ቀይሯል፤ ማርች1 የሚባለው ጂን ማርችኤፍ1 ሆነ። ቀን፣ ወርና ዓመትን በየኮለማቸው ለያይታችሁ ጻፉ፣ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም አስታውቁ።

የዛሬ ልጆች መዝገቡን በስልክ ፎቶ ታነሱና ቴሌግራም ላይ ወርውራችሁ ወረቀቱን ትጥሉታላችሁ። ሴሉንም እንደ አዲስ ዓመት አበባ በቀለም ታዥጎረጉሩታላችሁ፤ ቀለሙን ፎርሙላ አያነበውም። (እኔም የተጠራጠርኩትን ቁጥር እስከ ዛሬ ቢጫ እቀባለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።)

ከስድስት ዓመት በኋላ ቢሮ ስንቀይር ያ መዝገብ ከካርቶን ውስጥ ወጣ። መደብ 14ን ፈልጌ አገኘሁት። ከሰረዙ ጎን በእርሳስ፣ በተጣመመ ፊደል፦ «ላም ገብታ በላችው። አልተመዘነም።»

አዛውንቱ ረዳት ያኔ ጡረታ ወጥተው፣ ከዋናው መንገድ ማዶ ጫት የማይሸጥባት ብቸኛ ሱቅ ደጃፍ ቁጭ ብለው አያቸው ነበር። በአጠገባቸው በመኪና ሳልፍ እጅ እነሳለሁ። ወርጄ አልነገርኳቸውም።